ባሕሩ ከአምና ጋር ሲነጻጸር

ሠላሳ አንድ ዓመት የባሕር ለኪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሥራው ምን እንደሆነ ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ይጨንቀኛል። ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ቅለቱ ያሳፍራል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ አልፎ ነፋሱ ሲረጋ፣ በመንግሥት ጀልባ ከከተማችን ፊት ለፊት የተኛውን ባሕር እዞራለሁ። ስድስት ቦታ ላይ ቆሜ ውሃውን አያለሁ፣ መረብ እጥላለሁ፣ የወጣውን ዓሣ ለክቼ እመልሳለሁ። ከዚያ ቢሮ ገብቼ ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ባሕሩ ከአምና ጋር ሲነጻጸር እንዴት ነው?» ከሥሩ ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንዱ «እንደ አምናው» ይላል፤ ሌላው «ከአምናው ጥቂት ያነሰ»። በአንዱ ላይ ምልክት አድርጌ፣ «ልሳኑ» ብዬ ፈርሜ ለሹሙ አቀርባለሁ። ሹሙ ማኅተም ይመታበታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በተቀጠርኩ ሰሞን «ብዙ ያነሰ ቢሆንስ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። ሦስተኛ ሳጥን ለማስገባት የወረቀቱ ስፋት አይበቃም ተባልኩ። ወጣት ነበርኩና መልሱ በቂ መሰለኝ።

በአራተኛው ዓመቴ ከከተማው በስተደቡብ የነበረው ደን ተመነጠረ። ሥሩን ጨው ውሃ ውስጥ ተክሎ የሚቆም፣ ትናንሽ ዓሣዎች በሥሮቹ መሐል ተደብቀው የሚያድጉበት ዛፍ ነበር። የተቆረጠው የእንግዶች ማረፊያ ሊሠራበት ነው። እንግዶቹ ይመጣሉ የተባለው ደግሞ ዛፉን ለማየት ነው። ማረፊያው ተሠርቶ እንግዳ ሲጠፋ፣ ሰዓሊ ተቀጥሮ ዛፉን በማረፊያው ግድግዳ ላይ ሣለው። እኔ የዚያን ዓመት «ከአምናው ጥቂት ያነሰ» አልኩ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቆዳ ፋብሪካ ተከፈተና ፍሳሹን ወደ ባሕሩ ለቀቀው። ውሃው ቡናማ ሆነ። ሰው ሲያጉረመርም የባሕር ጉዳይ ቢሮ፣ ማለትም የእኔ ቢሮ፣ የባሕር ቀለም ቡናማ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ አወጣ። የትምህርት ቤት ልጆች ባሕር ሲስሉ በቡናማ እርሳስ እንዲቀቡ ታዘዘ። ልጆቹ አልከበዳቸውም፤ ሌላ ቀለም ያለው ባሕር አይተው አያውቁም።

ከዚያ ትልልቆቹ መርከቦች መጡ። መረባቸው ከባድ ብረት ታስሮበት የባሕሩን ወለል እንደ ማረሻ ይገለብጣል፤ የባሕር ሣሩን ከነሥሩ ይነቅለዋል። ዓሣ አጥማጆች አቤት ሲሉ ነገሩ ተመረመረና፣ ወለል የሚገለብጥ ሰው ገበሬ ስለሆነ መርከቦቹ በገበሬነት ተመዘገቡ። ለገበሬ የሚገባው ድጋፍም ተደረገላቸው። ትልልቁ ዓሣ ደግሞ እያነሰ ሲመጣ ደንቡ ተሻሻለ። በፊት «ትልቅ ዓሣ» የሚባለው ክንድ የሚያህል ነበር። መዳፍ የሚያህል ተባለ፤ ቆይቶ ጣት የሚያህል ተባለ። በዚህ ዘዴ ትልቅ ዓሣ ከአገራችን ጠፍቶ አያውቅም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንተ ምን ትሠራ ነበር የሚለኝ ቢኖር፣ ምልክት አደርግ ነበር። አንድም ዓመት አልዋሸሁም። በእርግጥም በየዓመቱ ያነሰው ጥቂት ነበር።

ዓይኔ የተገለጠው በሃያ ዘጠነኛው ዓመቴ ነው፤ እሱም በራሴ ብልህነት ሳይሆን ጣሪያ አፍስሶ ነው። የመዝገብ ክፍሉ ውሃ ገባበትና ወረቀቶቹን አውጥቼ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ ታዘዝኩ። የባሕር ለኪዎች ቅጾች ነበሩ፤ የእኔም፣ ከእኔ በፊት የነበሩት የጋሽ እድሪስም፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት የሦስት ሰዎችም። የዘጠና ዓመት ወረቀት። ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ እየጫንኩ በዓመት ቅደም ተከተል ግቢው ውስጥ ደረደርኩት። ስጨርስ ረድፉ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ኋላ አጥር ደርሶ ነበር።

እስኪደርቅ ድረስ ሥራ ስላልነበረኝ እያነበብኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ ያለው የእኔ ነው፦ «ጣት የሚያህል ዓሣ ዘጠኝ። ከአምናው ጥቂት ያነሰ።» ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ የጋሽ እድሪስን አገኘሁ፦ «ክንድ የሚያህል ዓሣ ሁለት መቶ ገደማ። ከአምናው ጥቂት ያነሰ።» አጥሩ ሥር የመጀመሪያው ለኪ ወረቀት ነበር። ያኔ ሳጥን አልነበረምና በእጁ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ዘንድሮ ኤሊዎቹ መንገድ ዘግተውብን ጀልባዋን ለማሳለፍ በመቅዘፊያ ገፋ ገፋ ማድረግ ነበረብን። ከሰው ቁመት የሚረዝም ዓሣ አሥራ አራት አየሁ። ከአምናው ጥቂት ያነሰ ይመስለኛል።»

ኤሊ። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየሁት ኤሊ አንድ ነው፤ እሱም ሞቶ።

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። አምስታችንም እውነቱን ጽፈናል። በአምስት ሰው እውነት መሐል አንድ ሙሉ ባሕር አልቆ ሄዷል፣ ማንም ሲያልቅ አላየውም። ይበልጥ ያቃጠለኝ ደግሞ ሌላ ነው። ጋሽ እድሪስ ሥራውን ሲያስተምሩኝ ስድስት ወር በራሳቸው ጀልባ አብሬያቸው ቀዝፌያለሁ። ስለ ዓሣው ብዛት ሲያወሩኝ እሰማቸው ነበር። የሽማግሌ ጉራ ነው ብዬ፣ ዞር እያልኩ ፈገግ እል ነበር።

ነገሩን ለሹሙ ነገርኩ። የዚያን ጊዜው የባሕር ሹም አቶ ምንይችል ይባላሉ። አቶ ምንይችል ደግ ሰው ናቸው፤ ሰው አያስቀይሙም፣ ድምፃቸውን አያነሡም። የሚያበሳጨውም ይኸው ነው፤ መጥፎ ሰው ቢሆኑ ቢያንስ መጣላት ይቻል ነበር። ወደ ግቢው ወጥተው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር አዩትና ደርቆ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደርቋል አልኩ። አንብበው እንዲያዩት ለመንኳቸው። ከበሩ ጀምረው ሦስት ያህል አነበቡና ቀና አሉ።

«አቶ ልሳኑ፣ እኛ የምንጠየቀው ስለ አምና ነው» አሉኝ በለዘብታ። «ካቻምናን ማን ጠየቀዎት?»

እኔ ግን አልተውኩም፤ በጽሑፍ አመለከትኩ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት ሰዎች፣ አንዳቸውም መዋኘት የማይችሉ፣ አሥራ አንድ ወር ተቀመጡ። ጠርተው ጠየቁኝ። ሰብሳቢው «ከሰው ቁመት የሚረዝም ዓሣ» የሚለውን ጮክ ብሎ አነበበና፣ በዚያ ዘመን የነበረው ሰው አጭር አለመሆኑን በምን እንዳረጋገጥኩ ጠየቀኝ። ጥያቄው ትልቅ ነው ተብሎ፣ የጥንት ሰው ቁመት እንዲጠና፣ ለዚህም የድሮ ቤቶች በር እንዲለካ ሌላ ንዑስ ኮሚቴ ተሰየመ። በሩን የለካሁት እኔ ነኝ። ለኪ ሌላ የለማ።

በመጨረሻ ኮሚቴው ውሳኔ ላይ ደረሰ። ባሕሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ የቀድሞዎቹ ለኪዎች ባሕሩን ከሚገባው በላይ ሞልተው ማየታቸው ነው። ስለዚህ አራቱም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው ተባለ። አራቱም ሞተዋል ብዬ አስረዳሁ። ማስጠንቀቂያው ለቤተሰብ ይድረስ ተባለ። የሦስቱ ዘር ተፈልጎ ሊገኝ አልቻለም። የጋሽ እድሪስ ሚስት ግን ከባሕሩ ዳር ይኖራሉ። ደብዳቤውን እንዳደርስ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

እማማ ዘሃራ ያኔ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ውሃ ውስጥ ጠልቀው ዛጎል የሚለቅሙ ሴት ናቸው፤ የከተማዋ ጠላቂ ሴቶች ሁሉ የእሳቸውን ቃል ይሰማሉ። ስደርስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የጠላቂ ቅርጫታቸውን ይጠግኑ ነበር። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ማንበብ አላስተማሩኝም፣ አንተው አንብብልኝ አሉ። አነበብኩ። «ሟች አቶ እድሪስ በሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ዓሣን አብዝተው በማየት ላደረሱት ግርታ ተገሥጸዋል፤ ድርጊቱን ቢደግሙ ከሥራ የሚሰናበቱ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። እንደገና አንብብ አሉኝ፤ እንደገና አነበብኩ።

ቅርጫቱን ወደ ጎን አደረጉት።

«እድሪስ ቀንሶ ነበር የሚጽፈው» አሉኝ። «ያየውን ሁሉ ቢጽፍ ማን ያምነው ነበር? ግማሹን ነበር የሚጽፈው። ቤት ገብቶ ደግሞ ዋሸሁ እያለ እንቅልፍ ያጣ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ፣ ስለ ደብዳቤው ይሁን ስለዚያ ስለ ድሮው ፈገግታዬ መለየት አቅቶኝ ተውኩት። እሳቸውም አልጠበቁኝም። በባሕሩ ውስጥ ሣር የቀረበት ቦታ እንዳለ ጠየቁኝ፤ ሁሉን የዞርኩት እኔ ነኝና።

አንድ ቦታ ነበር። ከሰሜኑ ቋጥኞች ጀርባ ያለች ጠባብ ሰላጤ፤ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት የሆነች። ጠባብ ስለሆነች መርከቦቹ ንቀዋት ቆይተዋል፤ ግን ሌላው ሁሉ ታርሶ ስላለቀ ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ እንዲገቡባት ፈቃድ ተሰጥቷል። ይህን ነገርኳቸው። የሣሩን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ መግቢያውን በማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ሥዬ ሰጠኋቸው። ይህ ከሥራዬ ውጪ እንደሆነ አውቃለሁ። በሠላሳ ዓመቴ ከሥራዬ ውጪ የሠራሁት የመጀመሪያው ነገር ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ እማማ ዘሃራና ስምንት ሴቶች ዘጠኝ ጀልባ እየቀዘፉ ወደ ሰሜን ሄዱ። ጀልባዎቹ የባሎቻቸው ነበሩ፤ ዓሣ ከጠፋ ወዲህ አሸዋ ላይ ተገልብጠው የከረሙ። ድንጋይ ጭነውባቸዋል። ወደቡ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየተነጋገሩ አለፉ። ማንም አላስቆማቸውም። ያገራችን ሹማምንት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ ላይ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት አገሩን ጭነው ቢሄዱ የሚያይ የለም።

እኔ ምሳዬን ትቼ ቋጥኙ ላይ ወጥቼ ነበር። የሰላጤዋ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ጀልባዎቹን ከዳር እስከ ዳር ሰደሯቸውና አንድ በአንድ የታችኛውን ውታፍ ነቀሉ። ስምንቱ ሰመጡ። መጨረሻ ላይ የቀረችው የእማማ ዘሃራ ናት፤ ጋሽ እድሪስ እኔን ያስተማሩባት ጀልባ። ውታፉን ነቅለው ተቀመጡ። ውሃው ወገባቸው እስኪደርስ አልተነሡም። ሌሎቹ ሴቶች በዙሪያቸው እየዋኙ ይጠሯቸዋል። በኋላ፣ ጀልባዋ ከሥራቸው ስትሄድ፣ እጃቸውን ዘርግተው ወጡ።

ዝናቡ አልፎ የመጣው የመጀመሪያው መርከብ መረቡን ጀልባዎቹ ላይ ቀደደ። ሁለተኛውም ቀደደ። ከዚያ ክስ መጣ፦ «ባዕድ ነገር ባሕር ውስጥ በመጣል»። በአገራችን ታሪክ ባሕር አበላሽቷል ተብሎ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ከዚያ በፊት የለም። እነዚህ ዘጠኝ ሴቶች የመጀመሪያዎቹ ናቸው። የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ስለ ባሕር ንጽሕና ምስክር ሆኖ ቀረበና፣ ያየው ነገር እንዳሳዘነው ተናገረ። ድምፁ ሻክሮ ነበር፤ የምሩን ይመስለኛል።

ጉዳዩ እየተቀጠረ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ። በዚህ መሐል የዓመቱ ልኬት ደርሶ ሰላጤዋን ዞርኩ። ባየሁት ነገር ጀልባዋ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ሣሩ ተስፋፍቷል። በሰመጡት ጀልባዎች ጎድንና ጎድን መሐል ትናንሽ ዓሣዎች እንደ ደመና ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መዳፍ የሚያህሉ ብቻ አራት መቶ ስቆጥር ዓይኔ ደከመና ተውኩት። ቢሮ ገብቼ ቅጹን አየሁ። ሁለቱም ሳጥኖች አይሆኑም። ከሳጥኖቹ ውጪ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ «ከአምናው እጅግ የበለጠ» ብዬ ጻፍኩ። ስፋቱ ይበቃ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ሲጠራኝ ደስ እያለኝ ሄድኩ። አዳኛቸው ነኝ ብዬ። ዳኛዋ ወይዘሮ ወለላ የሚባሉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው፤ ሕግ ሲያነቡ በጣታቸው እየተከተሉ ነው። ሰላጤዋ ከአምና ጋር ስትነጻጸር እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ። ሣሩን፣ ዓሣውን፣ አራት መቶውን ሁሉ ተናገርኩ። ስናገር እማማ ዘሃራን አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እሳቸው ከእኔ ቀድመው ገብቷቸዋል።

ዳኛዋ አንቀጹን አነበቡ፦ ባሕሩን ከአምናው ሁኔታው በጉልህ የለወጠ ማንኛውም ሰው ጥፋተኛ ነው። ከዚያ የለኪዎቹን መዝገብ አስቀረቡ። ዘጠና ዓመት ሙሉ በየዓመቱ «እንደ አምናው» ወይም «ጥቂት ያነሰ» ስለሚል ማንንም ጥፋተኛ ማድረግ አልተቻለም ነበር፤ ዛሬ ግን በታመነ ባለሙያ ምስክርነት ባሕሩን በጉልህ የለወጡ ሰዎች ተገኝተዋል አሉ። ዘጠኙም ጥፋተኛ ናቸው ተባለ። እውነቱን በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ብናገር፣ ያስፈረድኩት በእነሱው ላይ ሆነ።

ቅጣቱ ጀልባዎቹን አውጥቶ ሰላጤዋን ወደ ነበረችበት መመለስ ነው። እማማ ዘሃራ ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ።

«በምን እናውጣቸው?»

«በራሳችሁ ጉልበት» አሉ ዳኛዋ።

«እስከ መቼ?»

ወይዘሮ ወለላ አንቀጹን በጣታቸው ተከተሉ፤ ገጹን ገለጡ፤ ተመልሰው አነበቡ። ጊዜ አልተጻፈም። «እስኪያልቅ» አሉ።

«እሺ፣ የተከበሩ ዳኛ» አሉ እማማ ዘሃራ። «እስኪያልቅ እንሠራለን።»

ፍርዱ ላይ አንድ መስመር ተጨምራለች፤ በእንዲህ ያለ ፍርድ ሁሉ ላይ የምትጨመር የተለመደች መስመር ናት። ቅጣቱ ተፈጽሞ እስኪያልቅ ድረስ ሥፍራው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሥር ስለሚሆን ማንኛውም መርከብ እንዳይገባ ትላለች። ያኔ ልብ ያላት ሰው አልነበረም። አሁን ሳስበው ግን ዳኛዋ ያቺን መስመር ሲያነቡ ጣታቸው ትንሽ የቆየ ይመስለኛል። ላይሆንም ይችላል።

እኔ ከሳጥን ውጪ በመጻፌ ከለኪነት ተነሣሁ። አቶ ምንይችል ሲያሰናብቱኝ ከልባቸው አዝነው ነበር፤ ሻይ ጋብዘውኛል። የቅጣቱን አፈጻጸም የሚቆጣጠር ሰው ሲፈለግ ግን፣ በየቀኑ ቋጥኝ ላይ መቀመጥ የሚሻ ስለጠፋ፣ ለእኔው ሰጡኝ።

ይኸው አራት ዓመታችን ነው። ዘወትር ጠዋት ሴቶቹ ይመጣሉ። ትንፋሻቸውን ይስባሉ፣ ይጠልቃሉ፣ ከጀልባዎቹ ላይ ምስማር ይነቅላሉ። ጥሩ ቀን የሆነ እንደሆነ አንድ ምስማር ይወጣል። አርጅተዋል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ ምስማሩም ዝጓል። በወሩ መጨረሻ «ሥራው በመካሄድ ላይ ነው» ብዬ አመለክታለሁ። ቢሮው ለትጋታችን ሁለት ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል።

ባሕሩ ዳነ ማለቴ አይደለም። ከቋጥኙ ወዲያ ውሃው ያው ቡናማ ነው። መርከቦቹ ያርሳሉ። ዓሣው በጠፋበት ቦታ እንደ ዝልግልግ ጃንጥላ የሚንሳፈፍ፣ የነካውን የሚያቃጥል ፍጡር ሞልቷል፤ ቢሮው የአገሪቱ ብሔራዊ ዓሣ ሊያደርገው እያጠና ነው። ሁለተኛ የቆዳ ፋብሪካ ተመርቋል። ከዘጠኙ ሴቶች አንዷ አምና አረፈች። ሰላጤዋ ከዳር እስከ ዳር ብትለካ አንድ የእርሻ ማሳ አታክልም።

ባለፈው ወር እማማ ዘሃራ ምስማር ሳይዙ ወጡ። ቋጥኙን በሁለት እጃቸው ይዘው ይተነፍሳሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። አሟቸው መስሎኝ ወርጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። አላመመኝም አሉ። በእድሪስ ጀልባ ሥር አንድ ዓሣ አየሁ አሉኝ። ምን ያህል ነው ብዬ ስጠይቃቸው አንድ እጃቸውን ለቀው ሊያሳዩኝ ሞከሩና አልበቃ አላቸው። ሌላውንም ሊለቁ ሲሉ ልይዛቸው ግድ ሆነ። ካገቡ ወዲህ ያን ዓሣ ያዩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው የዛሬ አርባ ዓመት ነው። ስሙን ነገሩኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር የለካሁት ሰው ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ዓሣዋ ሆዷ የከበደ ሴት ናት አሉኝ።

እጄ ሳላዝዘው ወረቀትና ብዕር አወጣ። የመጀመሪያዋን ፊደል ልጽፍ ስል እማማ ዘሃራ እርጥብ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።

«ተው ልጄ» አሉኝ። «መጀመሪያ ትውለድ።»

ብዕሬን መለስኩ። የዓሣዋን ስም፣ የሰላጤዋንም፣ የከተማዋንም ስም እዚህ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው።